እንጨት የሚያዋጡ ጎረቤቶች

ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ ከተማ፣ ሐበሾች ቡና ላይ ከተቀመጡ ሦስት ወሬ አይቀርም፤ የአገር ቤት ፖለቲካ፣ የቤት ኪራይ እና መሬት። ሦስተኛው የወዳጆቼ ሕመም ነው። መሬት ሲሉ ገዝቶ ለማትረፍ እንዳይመስላችሁ። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ እንቅልፏን ቆርሳ ሥዕል ትሥላለች። አንዱ ታክሲ ይነዳል፤ አገር ቤት ቴአትር ያስተምር ነበር። አንዱ ጁምዓ የማታልፈው የወሎ ልጅ ነው፤ መንዙማ ሲያወርድ ጴንጤዋ ጎረቤቱ ሳትቀር በሯን ከፍታ ታዳምጠዋለች። እነዚህ ሰዎች ተሰብስበን አንድ ትንሽ ከተማ እንቆርቁር ይላሉ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይኖረዋል፤ የሥዕል ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቴአትር መድረክ ይኖረዋል። ማንም ማንንም የማን ወገን ነህ ብሎ አይጠይቅም። ቦታው አንድ ሰሞን ጣና ዳር ነው፤ ሌላ ሰሞን ወደ ሐዋሳ ይዞራል፤ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ የመጣ ለታ ደግሞ እዚሁ ኮሎራዶ ይሆናል።

ይህን ወሬ ከሁሉም በላይ በጥርጣሬ የሚያዳምጡት ጋሼ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ስለሆኑ ሕልም ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚመጣላቸው ሒሳቡ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለች ከተማ ከዴንቨር በመኪና አራት ሰዓት ያህል ርቃ እንደምትገኝ፣ ክሬስቶን እንደምትባል፣ የካቶሊክ ባሕታውያን፣ የሂንዱ አሽራም፣ የጃፓን ዜንና የቲቤት ቡድሂስቶች በአንድ ተራራ ሥር ተደርድረው እንደሚኖሩባት ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ "አንተ ልጅ፣ መኪናህ ጎማው ደህና ነው?" አሉኝ።

መንገዱ ከዴንቨር ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ 285 ቁጥር አውራ ጎዳና። ኬኖሻ የሚባለውን በር ሲሻገሩ ሳውዝ ፓርክ የሚሉት ሰፊ የሣር ሜዳ ይዘረጋል። ፖንቻ የሚባለውን ሌላ በር ከወጡና ከወረዱ በኋላ ደግሞ የሳን ሉዊስ ሸለቆ ይመጣል። ሸለቆ ስለተባለ ጠባብ ገደል የሚጠብቅ ይሳሳታል፤ ሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መሐል የተነጠፈ፣ ዓይን የማይጨርሰው ደልዳላ ሜዳ ነው። ሞፋት ከምትባል መንደር ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የሳንግሬ ደ ክሪስቶ ተራሮች እግር ሥር ያደርሳል። ከነዚህ አንዱ፣ ክሬስቶን የሚባለው ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ያልፋል፤ ከራስ ዳሽን ብዙም አያንስም። ከተማዋ ራሷ 2,400 ሜትር ላይ ነች፤ ያው የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው። ጋሼ ከመኪናው ወርደው አየሩን ሳብ አደረጉና፣ ፀሐዩ እያቃጠለ ጥላው የሚበርድበት አገር ካየሁ ስንት ዘመኔ ብለው ሹራባቸውን ደረቡ።

ከተማዋ ግን ከተማ ለመባል የምታሳፍር ነገር ነች። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ያገኘው 141 ሰው ነው። ከሷ የሚበዛው ሕዝብ ያለው ጎን ለጎን በተዘረጋው ባካ ግራንዴ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሲሆን እሱም ጥድና ፒኞን በሚባል አጭር ዛፍ መሐል ተበታትኖ ነው የሚኖረው። ቤቶቹ ገሚሱ ከጭድ እስር ተገንብተው በጭቃ የተለሰኑ፣ ገሚሱ ከሸክላ አፈር ጡብ፣ አንዳንዱም ክብ ሆኖ ጎጆ የሚያስመስል ነው። ጋሼ አንዱን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ "ጭቃ ቤት ትተን መጣን፤ እዚህ ደግሞ ሀብታም ይሠራዋል" አሉ። አጋዘኖች ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ የሚያባርራቸውም የለም።

አንድ ከተማን ለማወቅ የማስታወቂያ ሰሌዳዋን ማንበብ ይበቃል የሚል እምነት አለኝ። የክሬስቶን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን እንዳለ ልንገራችሁ። የዮጋ ትምህርት፤ የከበሮ ምሽት፤ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ የሚካሄድ የእሳት ሥርዓት፤ የጠፋች ድመት፤ የተሰነጠቀ ማገዶ ሽያጭ፤ የኪራይ ቤት የሚፈልግ ሙዚቀኛ፤ ሌላም የኪራይ ቤት የሚፈልግ ሙዚቀኛ፤ የውሃና ፍሳሽ ስብሰባ። ስድስተኛው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር፤ እኔም ቤት ስፈልግ ከረምኩ ይላል።

ይህች ቦታ እንዴት እንዲህ ሆነች? መነሻው ጽድቅ አልነበረም። መጀመሪያ ወርቅ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማዕድን ቆፋሪ ወረራት፤ ወርቁ ሲያልቅ ሰውም አለቀ። በዙሪያዋ ያለው 40 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ቀደም ሲል ባካ ለሚባል የስፔን ዘር ቤተሰብ ካሳ ሆኖ የተሰጠ ነው። የኮሎራዶ ግዛት የመጀመሪያው ገዢ ዊልያም ጊልፒንም በተራው ባለቤቱ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የመሬት ኩባንያ ለጡረተኞች ሊሸጥ ብሎ በሺዎች ቦታ ሸነሸነው፤ መንገድ አወጣ፤ ቧንቧ ቀበረ። ገዢው ግን እንደታሰበው አልመጣም። ነፋስ የሚመታው፣ ክረምቱ የሚያጠወልግ፣ ሥራ የሌለበት ቦታ ማን ጡረታ ይወጣል? በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ መሬቱ ሞሪስ ስትሮንግ እጅ ገባ።

ስሙ ለኛ አዲስ ሊሆን ይችላል እንጂ ሥራው ቤታችን ገብቷል። ካናዳዊ የነዳጅ ነጋዴና ዲፕሎማት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1992 በሪዮ የተደረገውን የምድር ጉባኤም የመራው እሱ ነው። በመካከሉ ደግሞ በኛ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለአፍሪካ የተቋቋመውን የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ሥራዎች ቢሮ መርቷል። ጋሼ በዚያ ዘመን ወሎ ውስጥ እህል ሲያከፋፍሉ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ "ስንዴው በማን ፊርማ እንደሚመጣ ጠይቀን አናውቅም ነበር። መቼ ጊዜ ነበረን?" አሉ።

ከተማዋን የቀየረችው ግን ሚስቱ ሐና ነች፤ ዴንማርክ የተወለደች ሴት። እዚህ እንደሚተርኩት፣ ገና እንደመጡ አንድ ሽማግሌ በሯን አንኳኩቶ ይህ ቦታ የዓለም ሃይማኖቶች የሚገናኙበት እንደሚሆን ነገራት። ትንቢቱን የሚያምን ይመን። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሴትየዋ መሬቱን መስጠት ጀመረች። ማኒቱ የሚባል ድርጅት አቋቁመው፣ ለመጸለይና ለማስተማር ለሚመጣ ማኅበር ቦታ በነጻ አደሉ። የወዳጆቼ ሕልም ላይ የጎደለው ይህ ነው፤ ነፍስና ጥበብ ብቻ ከተማ አይቆረቁሩም፤ ከሁሉ በፊት ርስት የሚለቅ ሰው ያስፈልጋል። ንጉሥ ለገዳም ጉልት ሲሰጥ ያየ አገር ልጅ ነንና ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። ሰጪው ንጉሥ ሳይሆን የነዳጅ ነጋዴ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ቤተ ጸሎቶቹን ለመዞር ወጣን። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ቁጥራቸው ከሃያ እንደሚበልጥ ይነገራል፤ አንዳንዱም አንድ ሰውና አንድ ሻማ ነው።

መጀመሪያ የካቶሊኮቹ ባሕታውያን ዘንድ ሄድን፤ ናዳ ይሉታል። በቀርሜሎስ መነኮሳት ወግ የሚኖሩ ናቸው። በየፊናው የተሠሩ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞሩ ትንንሽ ጎጆዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ አንድ ሰው በዝምታ ይቀመጣል። ጋሼ እዚህ ቤታቸው የገቡ መሰሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይሄ እኮ ዋልድባ ነው" አሉኝ። ተራራው፣ ብርዱ፣ ከሰው መራቁ፣ ሁሉም ገባቸው። አንድ ነገር ብቻ ከነከናቸው፤ ወንዱም ሴቱም ባንድ ግቢ መመንኮሳቸው። መኪና ውስጥ ሆነን ስለዚህ ጉዳይ ረዥም አስተያየት ሰጡ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ሃይዳካንዲ የሚባለው የሂንዱ አሽራም። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ጋሼ ሳይነገራቸው ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን ፈቱ። ቤተ ክርስቲያናችንም መስጊዱም ጫማ የሚወልቅበት ሰው እዚህ አይቸገርም፤ የሚቸገረው ፈረንጁ ነው፤ ካልሲው የተቀደደ እንደሆን ብሎ ያመነታል። ውስጡ የእናት አምላክ ምስል በአበባና በሐር ተጊጦ ተቀምጧል። ጋሼ ከደጀ ሰላሙ አላለፉም። አላማተቡም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም፤ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ከጸሎቱ በኋላ ምግብ ቀረበ፤ ሥጋ የሚባል የለበትም፤ ምስርና ሩዝ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ እሰይ ፍስክ አይደለም ብለን ደስ ሲለን ጋሼ ቀስ ብለው፣ "ቅቤ አለበት ወይ?" ብለው ጠየቁ። አለበት፤ የተነጠረ ቅቤ። አስተናጋጇ ሲነገራት አንዳች ቅር ሳትሰኝ ፖምና ዳቦ አመጣችላቸው። በዚህ ከተማ የሰውን ጾም መጠየቅ ማንም አይሰለቸውም፤ ሁሉም አንድ የማይበላው ነገር አለውና።

ስቱፓ የሚሉት የቲቤቶቹ ሐውልት ሜዳው መሐል ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቁመቱ ከ12 ሜትር ይበልጣል፤ ጫፉ በወርቅ ቀለም ያበራል። በሰዓት አቅጣጫ ይዞሩታል። የዜኑ ገዳም ጸጥ ያለ ነው፤ አትክልት የሚኮተኩት አንድ ጎልማሳ በምልክት ሰላም አለንና ሥራውን ቀጠለ። ከነዚህ ሁሉ ወጣ ብሎ አንድ ጠመዝማዛ መሰላል ያለው የሸክላ ቀለም ግንብ አለ፤ የባቢሎንን ዚጉራት አስመስለው የሠሩት ነው፤ ያሠራውም የዮርዳኗ ንግሥት ኑር አባት ናጂብ ሃላቢ ነው። ወጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ አየን። እዚያ ላይ ከኛ ጋር የነበሩት ወጣቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጎራጉራሉ። ጋሼ፣ "ምን እያሉ ነው?" አሉኝ። እኔም አላወቅሁም። እነሱም የሚያውቁ አልመሰለኝም።

እዚህ ላይ ያስከፋኝን ልናገር። ብዙ ሃይማኖት በተሰበሰበበት ብዙ ሸቀጥም አለ። ከአንዱ ጥቂት ማንትራ፣ ከሌላው ጥቂት ዕጣን፣ ከቀይ ሕንዶቹ ላባ ወስዶ የራሱን ነቢይነት የሚያውጅ አይታጣም። ይህ ሸለቆ ለናቫሆዎች የዓለማቸው ምሥራቃዊ ድንበር የሆነው ቅዱስ ተራራ፣ ብላንካ፣ የሚገኝበት ነው፤ ዩቶችም የኖሩበት ነው። መሬቱ ለየሃይማኖቱ ሲታደል ግን መሬቱ የማን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በ2021 ደግሞ ሞፋት አካባቢ አንድ አነስተኛ ቡድን መሪውን አምላክ ነች ብሎ ሲከተል ቆይቶ፣ ከሞተች በኋላ አስከሬኗን አልቀብርም ብሎ ይዞ ተገኝቷል። የከተማው ሰው ይህ ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል፤ እኛን ከነሱ አትቁጠሩን ይላል። እውነቱን ነው። ቢሆንም በሩን ለሁሉ የከፈተ ቤት ማን እንደገባ ቢያንስ ቀና ብሎ ማየት አለበት።

ድህነትም አለ። ሳዋች የሚባለው አውራጃ በኮሎራዶ ካሉት እጅግ ድሆች መሐል ነው። ሸለቆው ድንች ያመርታል፤ ድንቹን የሚለቅመው ከሜክሲኮና ከጓቴማላ የመጣ ሰው ነው። እሱ እሑድ የሚሄድባት ቤተ ክርስቲያን በክሬስቶን የጎብኚ ካርታ ላይ የለችም። ሠዓሊዋ ቀን ቀን ሱቅ ትሸጣለች፤ ሙዚቀኛው ቧንቧ ይጠግናል። ቡና የቀዳልን ወጣት ግጥም እንደሚጽፍ ነገረን፤ ክረምት የሚያድርበት ግን ገና አላገኘም። ጥበብ ያለበት ከተማ ሲባል ከተማው ደሞዝ ከፍሎ ያኖራቸዋል ብሎ ያሰበ ካለ ይረፍ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማይመሳሰል ሰው ምን አብሮ ያኖረዋል? አብሮ ሲጸልይ አላየሁም። በዓመት አንዳንዴ በጋራ የሚጸልዩበት ጉባኤ ይኖር ይሆናል፤ በቀረው ቀን ግን እያንዳንዱ በየጎጆው ነው። አንዲት የውሃ ቆጣሪ የምታነብ ሴት መልሱን በሌላ በኩል ሰጠችን። በ1986 አንድ ኩባንያ ከዚህ ሸለቆ ሥር ያለውን ውሃ በገፍ ስቦ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ለመሸጥ ፈቃድ ጠየቀ። ውሃው ሊወጣ የታሰበው ከዚያው ከባካ መሬት ነበር፤ ከኩባንያው መሥራቾችም አንዱ ያው ሞሪስ ስትሮንግ ነው፤ በኋላ ከኩባንያው ቢለይም። አንዱ ቤት ለየሃይማኖቱ መሬት ያድላል፤ ያው ቤት የመሬቱን ውሃ ሊሸጥ ይነሳል። ሰው እንዲህ ነው። ያኔ ድንች ገበሬውና ከብት አርቢው፣ መነኩሴውና ሂፒው ባንድ አዳራሽ ተገኙ። የሸለቆው ሕዝብ ለሙግቱ የሚሆን ተጨማሪ ግብር በራሱ ላይ በድምፅ ጣለ። ኩባንያው በ1991 ተረታ፤ ይግባኙንም በ1994 የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጋው። በ2004 ሰፊው የባካ እርሻ ተገዝቶ ከፊሉ በአቅራቢያው ወዳለው የአሸዋ ክምሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከፊሉ ወደ አራዊት መጠለያ ተቀላቀለ። ሴትየዋ ይህን ስትነግረን ስለ ነፍስ አንድም ቃል አላነሳችም።

ከውሃው ሌላ አብሮ የሚያኖራቸው ሁለተኛው ነገር ሞት ነው። ለኔ የዚህ ጉዞ ፍሬ እሱ ነው።

ክሬስቶን ሰው በአደባባይ፣ በእንጨት ክምር ላይ በእሳት የሚሸኝባት ስትሆን፣ በአሜሪካ ለማንኛውም እምነት ተከታይ ክፍት የሆነ እንዲህ ያለ ቦታ ከሷ በቀር የለም ይባላል። ነገሩ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ጥቂት ጎረቤታሞች ተንቀሳቃሽ የብረት ማቃጠያ ይዘው ሟቹ ቤት ድረስ ይሄዱ ነበር። በኋላ ጭሱ ያስቸገረው ጎረቤት አቤት አለ፤ ተሰበሰቡ፣ ተጨቃጨቁ፣ አውራጃውን አስፈቀዱ፤ አንድ የቡድሂስት መቅደስ በሰጠው መሬት ላይ ቋሚ ቦታ ተሠራ። እኛ ስንደርስ ባዶ ነበር። ሁለት ዝቅ ያሉ ግንቦች፣ በላያቸው የብረት ርብራብ፣ ዙሪያውን አጥር፣ ከበስተኋላ ተራራው። የሽኝቱን ሥነ ሥርዓት የሚያስተናግዱ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት አስጎበኙን። የውሃ ቀለም ሠዓሊ ናቸው፤ ዓለማዊ ሥራቸው እሱ ነው፤ በጎ ፈቃዳቸው ግን አስከሬን ማጠብ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ነገሩን። ሰው ገና በሕይወት ሳለ ይመዘገባል፤ ማን ይጠበኝ፣ ምን ይነበብ፣ ማን እሳቱን ይለኩስ የሚለውን ይጽፋል። የአውራጃው ሰው ላልሆነ አይፈቀድም። ሲሞት ወደ ሬሳ አዳራሽ ሳይሄድ ቤቱ ይቆያል፤ ቤተሰቡና በጎ ፈቃደኞቹ ያጥቡታል፣ በጨርቅ ይጠቀልሉታል። ንጋት ላይ በቃሬዛ ያመጡታል። የመጣው ሰው ሁሉ የጥድ ቅርንጫፍ ይዞ ተራ በተራ ያለብሰዋል። ጥዱ ከኛ ከሐበሻ ጥድ ጋር የአንድ ዘር ልጅ ነው፤ ሽታውም ያስታውቃል። ከዚያ ዝማሬ የሚያውቅ ይዘምራል፣ ሱትራ የሚደግም ይደግማል፣ ምንም የማያምነውም ዝም ብሎ ይቆማል። እሳቱ ለሰዓታት ይነዳል፤ የሚጠብቀው ሰው ተመድቦለታል። እንጨቱ ከየቤቱ የሚዋጣ ነው። መቀበር ለሚፈልግም ከተማዋ ያለ ሣጥንና ያለ መድኃኒት፣ በጨርቅ ብቻ የሚቀበርበት መካነ መቃብር አላት።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ጥያቄያቸው ዘነበ።

"ገንዘብ ያዡ ማነው?"

አንድ ሰው እንዳለ ነገሯቸው።

"መዋጮው በየወሩ ነው?"

አይደለም፤ ቤተሰቡ ለሥርዓቱ እንደ አቅሙ ይሰጣል፤ የሌለውም አይከለከልም።

"የቀረ ሰው ይቀጣል?"

ሴትየዋ አልገባቸውም። ጋሼ ደገሙላቸው፤ ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ስንት ይከፍላል? አይቀጣም ሲሏቸው ጋሼ ወደኔ ዞረው በአማርኛ፣ "ዋሽተውናል፤ ያለ ቅጣት ማን ይነቃል በጎህ?" አሉ። ተረጎምኩላቸው። ሴትየዋ ሳቁና፣ "በረዶ የጣለ ዕለት በርግጥ ጥቂት ሰው ነው የሚመጣው፤ ያኔ እኛ አሮጊቶቹ እንሸከማለን" አሉ። ጋሼ ይህኛውን አመኑ።

እኔ ደግሞ ቆሜ የማስበው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከየአቅጣጫው የመጣ፣ ቋንቋውም ሃይማኖቱም የማይገጥም ሰው ተከማችቶ ከተማ ስትሆን ሰፈር ያደረጋት ዕድር ነው። የዕድሩ ድንኳን ክርስቲያን ሲሞትም ለለቅሶ፣ ሙስሊም ሲሞትም ለሰደቃ ይተከላል። ወንበሩ ያው ነው፤ ብረት ድስቱ ያው ነው፤ ሁለት ዓይነት ወጥ ቢሠራበት ነው። ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ሲዞር ሟቹ በምን ይጸልይ ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም። ወዳጆቼ ጣና ዳር ሊሠሩት የሚመኙትን ነገር እናቶቻቸው ጉለሌና መርካቶ ውስጥ በወር መዋጮ ሲያሳድሩት ኖረዋል። ማንም "ሁሉን አቀፍ መንፈሳዊ ማኅበረሰብ" ብሎ አልጠራውም እንጂ። ክሬስቶንም አሽራምና ስቱፓ ያላት መንደር ብቻ ብትሆን ኖሮ ቱሪስት ታዝናና ነበር። ከተማ ያደረጋት ያ ርብራብ ብረትና ማገዶው ነው።

አውራ አምባንም አስታወስኩ። ዙምራ ኑሩ ፎገራ ላይ በ1964 ዓ.ም. ያቋቋሟት መንደር የተገላቢጦሹን መንገድ ነው የሄደችው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አልሠራችም፤ ፈጣሪ አንድ ነው፣ ሥራና ሐቀኝነት ይበቃል አለች። ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች። ለዚህ ሲሉ ተሰደው ቦንጋ ድረስ ደርሰዋል፤ ሲመለሱም አብዛኛውን መሬታቸውን አላገኙትም፤ ሸማ ሥራ ላይ የተጣበቁት አንድም በዚህ ነው። አውራ አምባ መሬት የሚለቅላት ባለጸጋ አልነበራትም። ሁለቱን መንደሮች ሳስተያይ ልቤ ወደ ፎገራዋ ያደላል፤ ክሬስቶኖች ይህን ሰምተው ቢቀየሙኝ አይፈረድባቸውም።

ሙስሊሙ ወዳጃችን ሳይመጣ መቅረቱ ቆጨኝ። ያለ ሣጥን በጨርቅ የመቀበሩን ነገር ቢሰማ ከሁላችን ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር፤ በአውሮራ ስንት ጊዜ ከፈኑን ይዞ ከቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ጋር እንደተከራከረ አውቃለሁ። እሳቱን ግን እሱም ጋሼም አይቀበሉትም። ጋሼ ለሴትየዋ በግልጽ ነገሯቸው፤ "እኛ ትንሣኤ ሙታን የምንጠብቅ ነን፤ አጥንቴን እንዳለ ነው የምፈልገው።" ሴትየዋ አልተከራከሩም። የመዝገቡን ቅጽ አወጡና መቀበር የሚለው ምርጫ የት ላይ እንደሚሞላ አሳዩአቸው። ጋሼ አንድ ቅጂ እንዲሰጧቸው ለመኑ። ለዕድሩ ሊያሳዩት ነው።

ስንመለስ ቅጹን እያገላበጡ ጮክ ብለው ያነቡልኝ ነበር። ሟች ቀድሞ ፈቃዱን ይጽፋል የሚለው አንቀጽ ላይ ቆም አሉ። "ይሄ ጥሩ ነው። እኛ ጋ እኮ ጭቅጭቁ የሚጀመረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ አገር ቤት ይሂድ፣ እዚህ ይቀበር፣ ቲኬቱን ማን ይክፈል።" ቀጠሉ። እሳቱን የሚጠብቅ ሰው ስም የሚሞላበት መስመር ላይ እስክሪብቶ አውጥተው ሰረዙትና በላዩ "ድንኳን ጠባቂ" ብለው ጻፉ። ፖንቻን ስንወጣ በረዶ መጣል ጀመረ፤ ፍጥነት ቀነስኩ። ጋሼ ግን ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ማንበባቸውን አልተዉም።

"ምን ጎደለው?" አልኳቸው።

"የሬሳ መኪና ነገር አልተጻፈም" አሉ።